ጄምስ ፖላርድ

ጄምስ ፖላርድ (እ.ኤ.አ. 1792 – 1867) በለንደን ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ ሰዓሊና የመዳብ ሰሌዳ ቀራጭ ነው። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በፈረስ የሚጎተቱ የፖስታና የመንገደኛ ሠረገላዎችን በመሳል ነው። የፈረስ እሽቅድምድም፣ የአደን፣ የዓሣ ማጥመድና የለንደን መንገዶች ሥዕሎችም አሉት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖላርድ ብሩሽ ባነሳበት ዘመን የእንግሊዝ የፖስታ ሠረገላ በየብስ ላይ ከሚጓዙ ነገሮች ሁሉ ፈጣኑ ነበር ማለት ይቻላል። እርሱ በሞተበት ጊዜ ደግሞ ከለንደን መንገዶች ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። የሰዓሊው ኑሮም ከሠረገላው ጋር አብሮ ወጥቶ አብሮ ወርዷል።

የአባቱ ቤት

ጄምስ የተወለደው በሰሜን ለንደን፣ በኢዝሊንግተን አካባቢ ነው። አባቱ ሮበርት ፖላርድ በ1755 በሰሜን እንግሊዝ ኒውካስል ከተማ ተወልዶ ወደ ለንደን የመጣ ሰዓሊ፣ ቀራጭና የሥዕል አሳታሚ ነበር። የእንስሳትና የአእዋፍ ሥዕሎችን በእንጨት ላይ በመቅረጽ ስሙ የገነነው ቶማስ ቢዊክ የሮበርት ወዳጅና ያገሩ ልጅ ነበር። ጄምስ ገና በወጣትነቱ ፈረስ ሰዓሊ መሆን እንደሚፈልግ ሲታወቅ አባቱም ቢዊክም አበረታቱት።

በዚያ ዘመን የሥዕል አሳታሚ ቤት ማለት እንደ ዛሬ ማተሚያ ቤትና ሱቅ በአንድ ጣሪያ ሥር ማለት ነው። ሥዕሉ ይሳላል፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፣ ይታተማል፣ በእጅ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያም ይሸጣል። ጄምስ ሙያውን የተማረው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። እስከ ሠላሳዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ድረስም ከአባቱ ሥራ አልተለየም።

ሰፈሩም ለሙያው የተመቸ ነበር። ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወስደው ታላቅ መንገድ ኢዝሊንግተንን አቋርጦ ያልፋል። በመንገዱ ዳር ኤንጅል (መልአክ) እና ፒኮክ የተባሉ ሁለት የታወቁ የእንግዳ ማረፊያዎች ነበሩ። ወደ ሰሜን የሚጓዙት ሠረገላዎች ከመሐል ከተማ እንደወጡ እዚያ ቆመው ሰውና ዕቃ ይጭናሉ። ሁለቱም ማረፊያዎች ኋላ በፖላርድ ሥዕሎች ውስጥ በተደጋጋሚ ይታያሉ።

የፖስታ ሠረገላው

የፖላርድን ሥራ ለመረዳት ይህ ሠረገላ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1784 በፊት በእንግሊዝ ደብዳቤ የሚመላለሰው በፈረስ በሚጓዙ መልእክተኞች ነበር። እነርሱም ቀርፋፎች ነበሩ፤ በየመንገዱም በቀላሉ ይዘረፉ ነበር። በባዝ ከተማ የቴአትር ቤት ባለቤት የነበረው ጆን ፓልመር በባዝና በብሪስቶል ባሉት ቴአትር ቤቶቹ መካከል ተዋንያንንና ዕቃቸውን በፍጥነት ያመላልስ ስለነበር፣ ለደብዳቤም ይኸው አሠራር ሊውል ይችላል ብሎ ለመንግሥት ሐሳብ አቀረበ። የፖስታ ቤት ባለሥልጣናት ሐሳቡን አልወደዱትም። ይሁን እንጂ ዊልያም ፒት ስለደገፈው ነሐሴ 2 ቀን 1784 የመጀመሪያው የሙከራ ጉዞ ተደረገ። ሠረገላው ከቀኑ በአሥር ሰዓት ከብሪስቶል ተነሥቶ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለንደን ደረሰ፤ ጉዞው 16 ሰዓት ብቻ ፈጀ ማለት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሠራሩ ወደ አገሪቱ ታላላቅ ከተሞች ሁሉ ተስፋፋ።

አደረጃጀቱ ዛሬም የሚገርም ነው። ፈረሶቹና ነጂዎቹ በየመንገዱ ካሉ የማረፊያ ባለቤቶች በውል የሚቀርቡ ሲሆን፣ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ግን ከኋላ የሚቀመጠው ጠባቂ ብቻ ነበር። ጠባቂው ቀይ ካፖርት ይለብሳል፣ አፈ ሰፊ ጠመንጃና ሽጉጦች ይይዛል፣ በሣጥን የተቆለፈ ሰዓትም ይሰጠዋል። በየጣቢያው የደረሰበትንና የተነሣበትን ደቂቃ መመዝገብ ግዴታው ነው። ረጅም መለከት ስላለው ወደ ኬላ ሲቃረቡ ይነፋል፤ የኬላው ጠባቂም በሩን አስቀድሞ ይከፍታል፤ ምክንያቱም የፖስታ ሠረገላ ቀረጥ አይከፍልም፣ መቆምም የለበትም። አራቱ ፈረሶች በየ16 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይቀየራሉ፤ ጎበዝ የፈረስ ቤት ሠራተኞች ቅያሪውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱታል። ማካዳምና ቴልፎርድ የተባሉት መሐንዲሶች መንገዶቹን ካሻሻሉ በኋላ በ1830ዎቹ የሠረገላው ፍጥነት በሰዓት ወደ 16 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር።

የሠረገላው መልክም በደንብ የተወሰነ ነበር፦ የታችኛው አካል ጥቁር ቀይ፣ የላይኛው ጥቁር፣ መንኮራኩሮቹ ደማቅ ቀይ፣ በበሮቹ ላይ የንጉሡ ዓርማ፣ በላይኛው ሰሌዳ ላይ የአራቱ የፈረሰኛ ኒሻኖች ኮከቦች፣ ከኋላ ደግሞ ቁጥሩ። የግል ኩባንያዎች የመንገደኛ ሠረገላዎች ግን እንደ ባለቤታቸው ፍላጎት በቢጫ፣ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ይቀቡና ስም ይወጣላቸው ነበር። ፖላርድ እነዚህን ልዩነቶች አይሳሳትም። በዚህ ምክንያት ሥዕሎቹን የሚወዱት የሥነ ጥበብ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ የፖስታና የትራንስፖርት ታሪክ አጥኚዎችም እንደ ማስረጃ ይጠቀሙባቸዋል።

አንበሳዪቱና የኤክሰተር ፖስታ

ፖላርድ ከታዋቂነቱ በፊት ከሠራቸው ሥዕሎች አንዱ በእውነት የተፈጸመ እንግዳ ነገርን ያሳያል። ጥቅምት 20 ቀን 1816 ማታ ከኤክሰተር ወደ ለንደን የሚሄደው የፖስታ ሠረገላ በሶልስበሪ ከተማ አቅራቢያ ዊንተርስሎ ወደሚባል ቦታ ሲደርስ ከተዘዋዋሪ የአራዊት ትርኢት ያመለጠች አንበሳ ከጨለማ ወጥታ ከፊት ፈረሶች አንዱ ላይ ተከመረች። ፈረሶቹ ደነበሩ። መንገደኞቹ ከሠረገላው ዘለው ወደ ማረፊያው ቤት ሮጡና በሩን ዘጉ። ጠባቂው በጠመንጃው ሊተኩስ ሲል የትርኢቱ ሰዎች ደርሰው ውድ ንብረታቸውን እንዳይገድልባቸው ለመኑት። አንድ ትልቅ ውሻ አንበሳዪቱን ተተናኮላትና ፈረሱን ለቀቀች። ከዚያም ከእህል ጎተራ ሥር ስትገባ ባለቤቶቿ ያዟት። ፈረሱ ቆስሎ ተረፈ፤ በኋላም ሰው ገንዘብ እየከፈለ እንዲያየው ተደርጓል።

ወሬው በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በ1817 ፖላርድ የሳለው ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ ለሽያጭ ቀረበ። ዛሬ ለአንድ ክስተት ፎቶግራፍ የሚጠበቀውን ያህል ያኔ እንዲህ ያለ ኅትመት ይጠበቅ ነበር። ገና 25 ዓመቱ የነበረው ሠዓሊም አንድ ነገር ሳይማርበት አልቀረም፦ ሕዝቡ ስለ ሠረገላ መስማት ብቻ ሳይሆን ማየትም ይፈልጋል።

የማረፊያ ቤት ምልክት

ትልቁ ዕድል የመጣው በ1820 ነው። የንጉሡ የሥዕል ሻጭ የነበረው ኤድዋርድ ኦርም ለአንድ ማረፊያ ቤት ደጃፍ የሚሰቀል ምልክት እንዲሠራለት ፖላርድን አዘዘ። በሰሌዳው ላይ የሚሳለው የፖስታ ሠረገላ ከነፈረሶቹና ከነመንገደኞቹ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ በሰዓሊዎች ዘንድ ዝቅ ያለ ሥራ ነው፤ ዝናብና ጭቃ የሚመታው የንግድ ምልክት እንጂ የአዳራሽ ሥዕል አይደለም። ሥዕሉ ግን በኦርም ሱቅ መስኮት ላይ ተቀምጦ ሳለ የኦስትሪያ አምባሳደር አየውና ተመሳሳዩን ለራሱ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ትእዛዞች ተከታተሉ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1821፣ በፒኮክ ማረፊያ ደጅ የቆሙትን የሰሜን አገር የፖስታ ሠረገላዎች የሚያሳየው ሥዕሉ በሮያል አካዳሚ ዐውደ ርዕይ ላይ ቀረበ። በ1825 ፖላርድ የራሱን ገቢ አግኝቶ ከአባቱ ሥራ ተለየ፣ ትዳርም መሠረተ።

የአሠራሩ ጠባይ

ከ1820ዎቹ አጋማሽ እስከ 1830ዎቹ መጨረሻ ያለው ጊዜ የፖላርድ ምርጥ ዘመን ነው። በ1825 በበረዶ ክምር ውስጥ የተቀረቀረ የፖስታ ሠረገላ፣ በ1827 በኒውማርኬት ሜዳ ላይ በመብረቅና በነጎድጓድ መካከል የሚጋልብ ሠረገላ፣ በ1828 ደግሞ በንጉሡ የልደት በዓል ሌሊት በኤንጅል ማረፊያ ደጅ የተሰበሰቡትን የፖስታ ሠረገላዎች ሳለ። ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ሠረገላዎች የሚነሡበትን በፒካዲሊ መንገድ የሚገኘውን ግሎስተር ቡና ቤትም ሥሏል።

በ1830 የተሠራው የዋናው ፖስታ ቤት ሥዕል በተለይ ሊታይ የሚገባው ነው። በሮበርት ስመርክ ንድፍ የተሠራው አዲሱ የፖስታ ቤት ሕንፃ በሴንት ማርቲንስ ለግራንድ የተከፈተው በ1829 ነበር። በየምሽቱ በሁለት ሰዓት የፖስታ ሠረገላዎቹ ከዚያ ተነሥተው በየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ ይህን ለማየት የሚቆም ሰውም ብዙ ነበር። ፖላርድ ትላልቆቹን ዓምዶች፣ ቀይ የለበሱትን ጠባቂዎችና የፈረሶቹን መስመር በአንድ ላይ አስገብቷል። አንድ መሥሪያ ቤት በሰዓት የሚንቀሳቀስ ማሽን ሲመስል ያሳየ ሥዕል ነው።

ሠረገላ ብቻ አይደለም የሳለው። በ1823 ወደ ቃጠሎ የሚሮጡ የለንደን የእሳት ማጥፊያ ሠረገላዎች ሥዕሉ ታትሟል። ሐምሌ 1829 ጆርጅ ሺሊቢር በለንደን የመጀመሪያውን በሦስት ፈረስ የሚጎተት ኦምኒባስ ከፓዲንግተን እስከ ባንክ ማስኬድ ሲጀምር ፖላርድ ወዲያውኑ ሳለው። ዛሬ አውቶቡስ የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ ስም ነው።

ሥዕሎቹ ወደ ሕዝቡ የደረሱት በዋናነት በአኳቲንት ኅትመት ነው። በዚህ ዘዴ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የደቀቀ ሙጫ ይነሰነስና ይሞቃል፤ ከዚያ ሰሌዳው በአሲድ ሲነከር አሲዱ በሙጫው ቅንጣቶች መካከል ያለውን መዳብ ይበላል። በአሲዱ ውስጥ ብዙ የቆየው ክፍል ሲታተም ይጠቁራል፣ ጥቂት የቆየው ፈካ ይላል። ውጤቱ የውኃ ቀለም ሥዕል ይመስላል፤ በላዩም በእጅ ቀለም ይጨመርበታል። ፖላርድ አንዳንዶቹን ሰሌዳዎች ራሱ ቀርጿል፤ ብዙዎቹን ግን እንደ ሮበርት ሃቨልና እንደ ሪቭ ያሉ ባለሙያዎች ቀረጹለት። ገዢዎቹ የማረፊያ ቤት ባለቤቶች፣ የሠረገላ ባለንብረቶችና አራት ፈረስ መንዳት ፋሽን የሆነባቸው ወጣት መኳንንት ነበሩ።

እንደ ሰዓሊ ድክመቶቹ ግልጽ ናቸው። የሰዎቹ ፊት ብዙውን ጊዜ የአሻንጉሊት ፊት ይመስላል፣ ፈረሶቹም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ያህል እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። የሚጋልብ ፈረስ ሲስልም እንደ ዘመኑ ሰዓሊዎች የፊት እግሮቹን ሁለቱንም ወደ ፊት፣ የኋላዎቹን ሁለቱንም ወደ ኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ ያንሳፍፈዋል። ፈረስ በዚህ መልክ እንደማይጋልብ የተረጋገጠው ፎቶግራፍ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 በካሊፎርኒያ ተከታታይ ፎቶዎችን ካነሣ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የፖላርድ ብቻ አይደለም። የጠፍሩ አሰካክ፣ የፋኖሱ ቦታ፣ በጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ አደራረብ፣ ነጂው አለንጋውን የሚይዝበት እጅ ግን ትክክል ናቸው። ሥዕሉን ለሚገዛው ነጂም ከፊት መልክ ይልቅ የሚያስጨንቀው ይህ ነበር።

ከሄሪንግ ጋር

በ1830ዎቹ ፖላርድ ከጆን ፍሬደሪክ ሄሪንግ (1795 – 1865) ጋር አብሮ ሠርቷል። ሄሪንግ በዶንካስተር ከተማ የሠረገላ ዓርማና የማረፊያ ቤት ምልክት በመቀባት ጀምሮ፣ ከዚያም ለዓመታት ራሱ ሠረገላ ሲነዳ የኖረ፣ ትርፍ ጊዜውን በሥዕል እያሳለፈ በመጨረሻ በፈረስ ሥዕል ታላቅ ስም ያገኘ ሰው ነው። በጋራ በሠሯቸው የእሽቅድምድም ሥዕሎች ሄሪንግ ፈረሶቹን፣ ፖላርድ ደግሞ ሕዝቡንና ሜዳውን ይሥላል። ክፍፍሉ ሁለቱም ድክመታቸውን እንደሚያውቁ ያመለክታል። ፖላርድ ለብቻውም በእርሻ መሬት ላይ የሚካሄዱ የመሰናክል ዝላይ ውድድሮችን ሥሏል፤ በ1832 በሴንት ኦልባንስ የተደረገው ውድድር ተከታታይ ሥዕሎች ከነዚህ መካከል ናቸው።

በ1835 የሳለው ፔቨሪል ኦቭ ዘ ፒክ የተባለው የለንደን–ማንቸስተር ሠረገላ ሥዕል እንደገና ወደ ልጅነት ሰፈሩ፣ ወደ ፒኮክ ማረፊያ ይመልሰናል። ሠረገላው ስሙን ያገኘው ከዋልተር ስኮት ልብ ወለድ ነው።

በ1836 የገና ሰሞን በእንግሊዝ ላይ የወረደው ከባድ በረዶ የፖስታ ሠረገላዎችን በየመንገዱ አስቀረ። ጠባቂዎች የደብዳቤ ከረጢቱን ከሠረገላው ፈትተው በፈረስ ጀርባ፣ አንዳንዴም በእግር ለማድረስ ይታገሉ ነበር። ፖላርድ ይህን የሚያሳዩ ሥዕሎች ሠራ፤ በ1837ም ታትመው ወጡ። ከሥራዎቹ ሁሉ እስከ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚባዙት እነዚህ የበረዶ ሥዕሎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ባቡሩ ሲመጣ

መስከረም 15 ቀን 1830 የሊቨርፑል–ማንቸስተር ባቡር ተመረቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ባቡሩ ደብዳቤ መጫን ጀመረ። ይህ የሆነው ፖላርድ የዋናውን ፖስታ ቤት ሥዕል በሠራበት ዓመት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በመስከረም 1838 ከለንደን እስከ በርሚንግሃም ያለው የባቡር መስመር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የሰሜኑ መንገድ ንግድ ወዲያውኑ ተመታ። ቀን ከሌሊት ፈረስ የሚቀይሩ ማረፊያዎች ደንበኛ አጡ። ነጂዎች፣ የፈረስ ቤት ሠራተኞች፣ የጠፍር ሠሪዎችና የመንኮራኩር አናጺዎች ሥራ ፈቱ።

ሁሉም ግን እኩል አልተጎዳም። የለንደኑ ዊልያም ቻፕሊን ከአንድ ሺህ በላይ ፈረሶች የነበሩት የሠረገላ ባለንብረቶች ንጉሥ ነበር። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ስለገባው ገንዘቡን ወደ ባቡር አዛወረ፤ በኋላም የለንደንና የደቡብ ምዕራብ የባቡር ኩባንያ ሊቀ መንበር ሆነ። ሰዓሊው ግን የሚያዛውረው ካፒታል አልነበረውም። ያለው እጁ የለመደው ሙያ ብቻ ነበር፤ ያም ሙያ አራት ፈረስና አንድ ሠረገላ ላይ የተመሠረተ ነው።

በ1840 የፖላርድ ባለቤትና የመጨረሻ ሴት ልጁ ሞቱ። አባቱ ሮበርት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1838፣ አርፎ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ከዚህ ሐዘን በኋላ ሥራው ወደ ቀድሞው ደረጃ እንዳልተመለሰ ይስማማሉ። ሆኖም የሐዘኑና የባቡሩ ጊዜ ስለተገጣጠመ አንዱን ከሌላው ለይቶ ምክንያቱ ይህ ነው ማለት ይከብዳል። መሳሉን አላቆመም፤ ትእዛዙ ግን ቀነሰ፣ ኑሮውም ዝቅ አለ።

ከዚህ የኋለኛ ዘመን ሥራዎቹ አንዱ የተለየ ነው። በመጀመሪያዎቹ የባቡር ዓመታት መንገዱ ገና ሙሉ ስላልነበር አንዳንድ የፖስታ ሠረገላዎች ግማሹን መንገድ በፈረስ ይሄዱና ጣቢያ ሲደርሱ ፈረሶቹ ተፈትተው ሠረገላው እንዳለ በባቡር ጠፍጣፋ ፉርጎ ላይ ይጫን ነበር። ፖላርድ በታኅሣሥ 1845 ከሎውዝ ወደ ለንደን የሚሄደው የፖስታ ሠረገላ በፒተርበሮ በኩል በዚህ ሁኔታ ሲጓዝ ሥሎታል። ሠረገላው እንደ ቀድሞው ጥቁርና ቀይ ነው፣ ዓርማውም በቦታው አለ። ከፊቱ ግን ፈረስ የለም። ከለንደን የሚነሣው የመጨረሻው የፖስታ ሠረገላ፣ የኖርዊች መስመር፣ የቆመው ከዚያ በኋላ ወዲያው በጥር 1846 ነው።

ፖላርድ በ1867 አረፈ።

ሥራዎቹ ዛሬ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የፖላርድ ሥዕሎች እንደገና ተፈላጊ ሆኑ። ለዚህ ትልቅ ድርሻ ያለው የእንግሊዝን የፈረስና የአደን ሥዕሎች በብዛት የሰበሰበው አሜሪካዊው ባለሀብት ፖል ሜለን ነው። የዋናው ፖስታ ቤት ሥዕል በእርሱ ስብስብ አማካይነት በኒው ሄቨን ከተማ በሚገኘው የየል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ይገኛል። የፔቨሪል ኦቭ ዘ ፒክ ሥዕል ደግሞ በለንደን የቴት ሙዚየም ንብረት ነው። የአኳቲንት ኅትመቶቹ በየሙዚየሙና በግል ሰዎች እጅ አሉ። ከሞቱ በኋላ በርካሽ ዘዴ የተባዙ ቅጂዎችም ብዙ ስለሆኑ ገዢዎች የወረቀቱንና የሰሌዳውን ጠርዝ ምልክት ሳያዩ አይገዙም።